ዶክቶር አክሊሉ ለማና ለጤና ምርምር የሚገባው በጀት

የአገር ወሰን የሚጠበቅበት መንገድ ብዙ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1889 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በመተማ ሜዳ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው ሲዋጉ ቈስለው ዐረፉ፤ ከተማዪቱም እስከ ዛሬ ድረስ መተማ ዮሐንስ እየተባለች ስማቸውን ይዛ ትኖራለች። የንጉሠ ነገሥቱ ጠላት ጦር ይዞ የመጣ ስለ ነበረ ዓይን ያየው፣ ጆሮም የሰማው ነበረ። ነገር ግን ከቋራ እስከ መተማ፣ ከምዕራብ አርማጭሆ እስከ ሁመራ በተዘረጋው ቆላ ለዓይን የማይታይ ሌላ ጠላት አለ፤ ይኸውም ካላዛር የሚባለው በሽታ ነው። ይህን ጠላት የሚገታው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱም ያለ ምርምር፣ ምርምሩም ያለ ገንዘብ አይገኝም። ይህ ነገር እውነት መሆኑን በሥራቸውም በመከራቸውም ካሳዩት ኢትዮጵያውያን መካከል ዋናው ዶክቶር አክሊሉ ለማ ናቸውና ታሪካቸውን ማስታወስ ለባለሥልጣኑም ለካህኑም የሚጠቅም ነው።

ዶክቶር አክሊሉ በ1935 ዓ.ም. በሐረርጌ ምድር ተወለዱ። ዘመኑ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን የወረረበት ስለ ነበረ፣ የሕፃንነታቸው ወራት ከመከራው ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። አገሪቱ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ትምህርት ቀስመው፣ ከፍ ያለውን ትምህርት በአሜሪካ ተከታተሉና በ1964 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀበሉ።

በዚያ ሳሉ የመረጡት ትምህርት ሊታወስ የሚገባው ነው። ብዙ ሰዎች ዶክቶር አክሊሉን የሚያውቋቸው በእንዶድ ነው፤ ነገር ግን አስቀድመው የመረመሩት ሊሽማንያ የተባለውን ተሕዋስ ነበረ። ይህ ተሕዋስ በ1903 ዓ.ም. ሊሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እየራሳቸው የገለጹት፣ የካላዛር ምክንያት የሆነው ነው። ዶክቶር አክሊሉም ከመምህራቸው ጋር ሆነው፣ በሰው ሥጋ ውስጥ በሚኖርበት መልኩ ይህ ተሕዋስ ከሕዋስ ውጭ በላቦራቶሪ እንዲራባ ለማድረግ የሠሩትን ሥራ በ1964 ዓ.ም. አሳተሙ። እንግዲህ የመተማ ቆላ ጠላት በሩቅ አገር በባልቲሞር ላቦራቶሪ ውስጥ በአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት እጅ ይመረመር ነበር ማለት ነው።

ካላዛር በቆላው አገር እንዴት እንደሚኖር ለማያውቅ ሰው ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በመተማና በአካባቢው ያለው ጥቁር ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ በጥልቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁና በግራሩ ሥር የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ የምታንስ ነፍሳት ትጠለላለች፤ ሌሊትም ወጥታ ሰውን ትነድፋለች። በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ሺህ ድኻ ገበሬዎች ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ ሥራ ወደዚህ ቆላ ይወርዳሉ፤ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያለ አጎበር ስለሚያድሩ ንድፊያው በእነርሱ ይበረታል። በሽታው የያዘው ሰው ትኵሳቱ ለብዙ ሳምንት አይለቀውም፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ደሙ ይጐድላል፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። ሕክምና ካላገኘም ከሞት የሚያመልጠው ጥቂት ነው። በሽታው የሚይዘው ድኻውን ስለ ሆነ መድኃኒቱን ለመፈለግ የሚነሣ ነጋዴ የለም፤ የመተማ ነገር ከዶክቶር አክሊሉ የሕይወት ታሪክ ጋር የሚገናኘውም በዚህ ነው።

ዶክቶር አክሊሉ በ1964 ዓ.ም. ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ሄዱ። ቢልሃርዝያ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ እስከ 200 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ይዟል ይባል የነበረ በሽታ ነው። በወንዙ ዳር ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝቶ አገኙ። ከሕይወቱ ያለ ቀንድ አውጣ በዕቃ አስቀምጠው የእንዶዱን አረፋ ቢጨምሩበት ሞተ። እንዶድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የካህናቱን ነጭ ልብስና የምእመናኑን ሸማ ሲያነጻ የኖረ ፍሬ ነው። በየቤቱ የነበረውን ነገር ከበሽታው ጋር አገናኝቶ ያየው ግን የተማረው የአገር ልጅ ዓይን ነበረ። ከውጭ አገር የሚመጣ ሊቅ የወንዙን ውሃ ሊመረምር ይችላል፤ የአጣቢዎቹን ልማድ ግን እንደ አገሩ ልጅ በቀላሉ አያስተውለውም።

አንድ ጊዜ ማየት ግን ምርምር አይባልም። ዶክቶር አክሊሉ ያዩትን ነገር በሥርዓት ለመፈተን በ1966 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ተቋም ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቲዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስም በዐድዋ ከተማ የእንዶድ ዱቄት በወንዞቹ ውስጥ እየተጨመረ ታላቅ ፈተና ተደረገ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ በበሽታው የተያዘው ሰው ከ100 እጅ 63 እጅ የነበረው ወደ 33 እጅ ወረደ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ100 እጅ 50 እጅ የነበረው ወደ 7 እጅ ዝቅ አለ። ይህ የተገኘው በከፍተኛ ዋጋ ከውጭ በሚገዛ ኬሚካል ሳይሆን፣ በአገር ምድር በበቀለ ፍሬ ነው።

በዚያው ዘመን ዶክቶር አክሊሉ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን አልረሱም። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በደጋው አገር ቍንጭር እየተባለ ስለሚጠራው የቆዳ ሊሽማንያ የመረመሩትን በ1969 ዓ.ም. አሳተሙ። በኋላም ሰፊው የሰሊጥና የጥጥ እርሻ በሰቲት ሁመራ ሲስፋፋና ከደጋ የወረደው ሠራተኛ በካላዛር ሲጠቃ፣ የኢንስቲቲዩቱ ሰዎች ወደዚያ ወርደው በቆዳ ላይ በሚደረግ መርፌ ማን በተሕዋሱ እንደ ተነካ፣ ማን እንዳልተነካ መረመሩ፤ ውጤቱም በ1976 ዓ.ም. ታተመ። ሁመራና መተማ በአንድ ዐይነት መሬትና በአንድ ዐይነት እርሻ የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ በአንዱ የተገኘው ዕውቀት ለሌላውም መሠረት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ክፍል የገንዘብ ችግር ታሪክ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ከታወቀ በኋላ፣ በሰፊው እንዲሠራበት ከመፈቀዱ በፊት ለሰው፣ ለከብትና ለአትክልት የማይጐዳ መሆኑ በዓለም ሁሉ ዘንድ በሚታመን ላቦራቶሪ መፈተን ነበረበት። ይህን የጠየቁት የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች ጥያቄው ተገቢ ነው ይሉ ነበር፤ በእውነትም መድኃኒት ሳይፈተን ለሕዝብ አይሰጥም። ችግሩ ግን እንዲህ ያለው ፈተና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑ ነበር። በኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው ፈተና ላቦራቶሪው የታወቀ አይደለም እየተባለ አይታመንም፤ ላቦራቶሪውን የታወቀ ለማድረግ ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ አልነበረም። የመድኃኒት ኩባንያዎችም በየአጥሩ የሚበቅለውንና ድኻ ገበሬ ለራሱ ሊተክለው የሚችለውን ፍሬ ሸጠው ስለማያተርፉበት አልፈለጉትም። ስለዚህ ግኝቱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ከሃያ ዓመት በላይ በደጅ ጥናት ቆየ።

ዶክቶር አክሊሉ በዚህ ተስፋ ቈርጠው አልተቀመጡም። ከ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሥራ ይዘው፣ የመንግሥታቱ ድርጅት የሕፃናት መርጃ በፍሎረንስ ከተማ ያቋቋመውን የሕፃናት ጥናት ማእከል በምክትል ዲሬክተርነት እስከ መምራት ደረሱ። በሄዱበት ሁሉ የእንዶድን ነገር አልተዉም። በ1983 ዓ.ም. በዛምቢያ በሉሳካ ከተማ ስለ እንዶድ የዓለም ሊቃውንት ጉባኤ ተደረገ። የሥራ ጓደኛቸው ዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየቦታው የእንዶድ ዐይነት እየሰበሰቡና እየተከሉ፣ ኀይሉ የበረታውንና ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። ለዚህም ድካማቸው ሁለቱ በ1989 ዓ.ም. በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። የካናዳ መንግሥት የምርምር መርጃ ድርጅት ገንዘብ ሰጥቶ ሊቃውንቱ እንዶድ ለሰው ጤና የማያሰጋ መሆኑን በሥርዓት የመረመሩበት ሥራ የታተመው ግን በ1991 ዓ.ም. ነበረ። የዐድዋው ወንዝ ከታየበት ዘመን እስከዚያ ድረስ 27 ዓመት ማለፉን ማስተዋል ይገባል።

በ1990 ዓ.ም. ለጤና ምርምር የተቋቋመ የዓለም ኮሚሲዮን በታዳጊ አገሮች ላይ የዓለም የበሽታ ሸክም ከ100 እጅ 93 እጅ የሚሆነው ሲወድቅ፣ ለእነዚህ አገሮች ችግር የሚወጣው የምርምር ገንዘብ ግን ከ100 እጅ 5 እጅ ብቻ መሆኑን ገለጸ። ዶክቶር አክሊሉ በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ይህ ቍጥር አረጋገጠላቸው። እርሳቸውም በየጉባኤው ሲያስረዱ የኖሩት፣ አፍሪካ የጐደላት የሊቃውንት አእምሮ ሳይሆን በራሷ ገንዘብ የቆመና ቃሉ የሚታመንለት የምርምር ቤት መሆኑን ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ ከተማ፣ የታላላቅ ሐይቆችን የውሃ ቧንቧ የሚዘጋውን ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ እንዶድ እንደሚያጠፋው ታወቀ። በዐድዋ የድኻ ሕፃናትን ሲያድን ሰሚ ያጣው ፍሬ፣ የሀብታም አገር ቧንቧ ሲዘጋ ተፈላጊ ሆነ። ዶክቶር አክሊሉ በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ያቋቋሙት ኢንስቲቲዩትም ከሞታቸው በኋላ በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቲዩት እየተባለ ይጠራል።

ከሞታቸው በኋላ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሆነው ነገር ትምህርታቸውን ያጸናል። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ አስቀድሞ ካላዛር ባልታወቀበት ደጋ፣ ብዙ ሰው በማይታወቅ ትኵሳት ሲያልቅ ቈይቶ በሽታው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። መጀመሪያ ወባ መስሎ ስለ ታየ ብዙ ጊዜ አልፎ ነበር። በሽታው ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለሥራ ወርደው በተመለሱ ሰዎች ሳይገባ እንዳልቀረ ሊቃውንት ገመቱ። ስለዚህ ካላዛር የቆላው ሰው ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አሳብ ሐሰት መሆኑ ታየ፤ የመተማ እርሻ ሠራተኛ ቤተሰቡ በደጋ ነውና፣ በሽታውም ከእርሱ ጋር ይወጣል።

ምርምር በተደረገበት መጠን ግን መልካም ፍሬ ተገኘ። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የኖረው ሕክምና አንቲሞኒ የሚባል መድኃኒት በየቀኑ እስከ 30 ቀን በመርፌ መውጋት ነበረ፤ መርፌው የሚያምም፣ ልብንም ሊጐዳ የሚችል ነው። በ2003 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ሊቃውንት በካርቱም ተሰብስበው በካላዛር መድኃኒት ላይ አብረው የሚሠሩበትን ማኅበር መሠረቱ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከምርምሩ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ሁለት መድኃኒት አንድነት ሲሰጥ ሕክምናው በ17 ቀን እንደሚፈጸም አረጋገጡና የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ይህንኑ መከረ፤ ምርምሩም በ2012 ዓ.ም. ታተመ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ጭምር ያለበት በአራት አገሮች የተደረገው ሌላ ምርምር፣ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ከመርፌ ጋር ሲሰጥ ሕክምናው በ14 ቀን ሊያልቅ እንደሚችል አሳየ። ከ30 ቀን ወደ 14 ቀን መውረድ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ ወደ ልጆቹ ይመለሳል፤ አልጋውም ለሌላው በሽተኛ ይለቀቃል። የሚቀረው ሥራም ብዙ ነው፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ካላዛር ሲይዘው መዳኑ ይከብዳል፤ ከዳነም በኋላ በሽታው ይመለስበታል። በሽታውን የሚከላከል ክትባትም እስካሁን ለሰው አልተገኘም።

ነገር ግን የዚህ ምርምር ገንዘብ የሚበዛው ከውጭ አገር መንግሥታትና ከበጎ አድራጊ ድርጅቶች የመጣ ነው። ለሰጪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሆኖም የሰው ገንዘብ በሰው ፈቃድ የሚቆም ነው። በ2021 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲቀንስ፣ የተዘነጉ በሽታዎችን ለመከላከል በአፍሪካ አገሮች ያካሄድ የነበረውን ታላቅ ሥራ አቆመ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ ድርጅቱን ሲዘጋ በብዙ አገር የተጀመረ የጤና ሥራና ምርምር በመንገድ ቀረ። በ2023 ዓ.ም. ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ስደተኞች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ፤ ከመተማ ማዶ ያለው የገዳሪፍ ምድርም ካላዛር የጸናበት ስለ ሆነ፣ በወሰኑ ላይ የሚደረገው ጥበቃና ምርምር የሌላ አገር ምክር ቤት በጀቱን እስኪወስን ድረስ ሊጠብቅ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ለባለሥልጣኖች ይህ ነገር አዲስ ሸክም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በማሊ በባማኮ ከተማ በተደረገው የሚኒስትሮች ጉባኤ፣ መንግሥታት ከጤና ሚኒስቴር በጀታቸው ከ100 እጅ ቢያንስ 2 እጁን ለጤና ምርምር እንዲመድቡ ተጠይቀዋል። ሁለት እጅ ማለት ከመቶ ብር ሁለት ብር ነው። የቀረው 98 ብር የሚሠራው ሥራ እውነተኛ መሆኑንና አለመሆኑን የሚያሳየው ይህ ሁለት ብር ነው፤ በሽታው ወባ ነው ተብሎ ለካላዛር በሽተኛ የወባ መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ፣ መድኃኒቱም ደመወዙም ጊዜውም በከንቱ ጠፍቷልና። ለምርምር የተሰጠው ገንዘብም በየዓመቱ በስሙ ተለይቶ በበጀት መዝገብ ሊጻፍ፣ ሒሳቡም ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል። በቆላው መሬት ከሰሊጥና ከጥጥ የሚያተርፉት ባለ እርሻዎችም ጒልበቱን የሚሸጥላቸው ሠራተኛ ጤና የሀብታቸው መሠረት መሆኑን ተረድተው ድርሻቸውን ቢያዋጡ ራሳቸውን ይጠቅማሉ።

የካህናቱም ድርሻ ከዚህ አያንስም። ሕዝብ ያልተረዳውን ነገር መንግሥት ለብዙ ጊዜ ሊደግፈው አይችልም፤ ሕዝቡን የሚያስረዳው ደግሞ በየደብሩ ያለው መምህርና በየቤቱ የሚገባው የንስሓ አባት ነው። ገበሬው ወደ መተማ ለመውረድ ሲሰናበት፣ ትኵሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቈየበትና ሆዱ ካበጠ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ አባቱ ቢመክረው ነፍስ ያድናል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዳይተው፣ ለምርምር ጥቂት ደም መስጠትም ነውርና ኀጢአት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ለማያውቀው ወንድሙ የሚደረግ ምጽዋት መሆኑን ካህኑ ካስተማረ፣ የሐኪሙ ድካም በግማሽ ይቀላል። ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ሲያንጹ ፍጻሜውን ለማያዩት ሕንጻ ገንዘባቸውን ይሰጣሉ፤ ምርምርም እንደዚሁ ዛሬ የሚዘራ፣ በልጆች ዘመን የሚታጨድ ሥራ ነው።

ዶክቶር አክሊሉ ለማ እንዶድን ለማግኘት ረጅም ዘመን አልፈጀባቸውም፤ ገንዘብ ለማግኘት ግን ዕድሜያቸው አለቀ። የእርሳቸውን ስም በኢንስቲቲዩት በር ላይ መጻፍ መልካም ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው መታሰቢያ ግን በጎንደርና በመተማ ለሚደክሙት ወጣት መርማሪዎች እርሳቸው ያጡትን መስጠት ነው። ይኸውም በአገር በጀት የተደገፈ ላቦራቶሪ፣ ከዓመት እስከ ዓመት የማይቋረጥ ገንዘብና የሥራውን ጥቅም የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የሚመጣው በጀት ሲዘጋጅ ባለሥልጣኖች፣ የሚመጣው የአጨዳ ወራት ሲደርስም ካህናት ይህን እንዲያስቡ ያስፈልጋል።